የቴኒሰንን ግጥም በዛሬ ዜማ

መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጡና ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው እንግሊዛዊው ገጣሚ አልፍሬድ ቴኒሰን ለሟች ጓደኛው ለአርተር ሃላም የጻፈውን፣ በ1850 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ኢን ሜሞሪያም» ነው። ስንኙ ስምንት ቀለምና አራት ምት ስላለው ለአራት በአራት ቢት ይመቻል፤ እያንዳንዱን ስንኝ በሁለት ባር (አራት ምት በሚይዝ የዜማ ክፍል) ዘርጉት።

የሚያምረው ቤት አመታቱ ነው፦ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። ስለዚህ አራተኛው ስንኝ ላይ የአንደኛውን ዜማ መልሱት፤ አለዚያ ጆሮ ቤቱን ይረሳዋል። የመሀሎቹን ሁለቱን ከፍ አድርጋችሁ ዝፈኗቸው። አዝማች የለውም፤ ከፈለጋችሁ አንዱን ስንኝ ደጋግሙ እንጂ የራሳችሁን ቃል አትጨምሩ፣ የሰው ሐዘን ነውና። ድራሙ ከሁለተኛው አንጓ በኋላ ይግባ። ገጣሚው በ1892 እ.ኤ.አ. ስላረፈ የቅጂ መብት አያሳስባችሁም።