ፒ.ኤስ.ኤ ከፍ አለ ሲባል ቶሎ አትደንግጡ፦ ውጤቱን እንዴት ማንበብ እንዳለባችሁ

የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ፒ.ኤስ.ኤ 5.8» ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ብዙ ሰው ይህን የደም ምርመራ ውጤት ሲያይ የፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) ካንሰር እንዳለበት ደምድሞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ግን ቁጥሩ ከ4 እስከ 10 ከሆነባቸው ወንዶች ፕሮስቴት በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ከ10 በላይ ሲሆን ግን ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል፤ ያኔ ችላ አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ ጤነኛ ፕሮስቴትም የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ፕሮስቴት በዕድሜ ሲያድግ ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን ሲይዘው ይጨምራል፣ በሽንት ቧንቧ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ሲገባም እንደዚያው። ስለዚህ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ቀን ከግንኙነትና ከረጅም የብስክሌት ጉዞ ራቁ። የሽንት ኢንፌክሽን ከነበረባችሁ መጀመሪያ ታከሙ፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ጠብቁ። ላብራቶሪም አትቀያይሩ፤ መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ትንሽ ይለያያል፣ እናንተም በከንቱ ትጨነቃላችሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለፕሮስቴት ማደግ ወይም ለፀጉር መርገፍ ፊናስተራይድ የምትወስዱ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከወራት በኋላ ፒ.ኤስ.ኤን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ወረቀቱ ላይ 3 ቢል ትክክለኛው ወደ 6 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

ዝቅ ያለ ቁጥርም ሙሉ ዋስትና አይደለም። በ2004 የወጣ ትልቅ ጥናት ፒ.ኤስ.ኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች ከሆኑ ወንዶች 15 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር አግኝቷል፤ ደግነቱ አብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነበር።

የጣት ምርመራውስ? ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል ይዳስሳል፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል፣ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። ችግሩ ጣት የሚደርሰው የፕሮስቴቱ የኋላ ክፍል ጋ ብቻ ነው። ብቻውን ደካማ ምርመራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ጠንካራ እብጠት ከተገኘ ግን ፒ.ኤስ.ኤው ዝቅ ቢልም ምርመራው መቀጠል አለበት።

እሺ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ እንበል። ወዲያው ናሙና ለመስጠት አትሮጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙት፤ ራሱ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁንም ከፍ ካለ «ነፃ ፒ.ኤስ.ኤ» የሚባለውን፣ ማለትም በደም ውስጥ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ የሚዘዋወረውን፣ ጠይቁ። የነፃው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ያሳስባል፣ ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል። ከዚያ ከመርፌ በፊት ኤም.አር.አይ መነሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔ ብሆን ከሁሉም በላይ የምከራከረው ለዚህ ነበር። በ2017 የወጣው ፕሮሚስ የተባለ ጥናት ላይ ኤም.አር.አይ አደገኛ ካንሰሮችን 93 በመቶ ሲለይ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ የሚወሰደው የተለመደው ናሙና 48 በመቶውን ብቻ ነው ያገኘው። ኤም.አር.አይም ቢሆን የሚያመልጠው አለ፤ ንፁህ ነው ከተባላችሁ በኋላ ክትትሉን አታቋርጡ።

ማን ይመርመር? ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉት ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። አባት ወይም ወንድም ታሞ ከሆነ፣ ወይም ጥቁር ከሆናችሁ፣ ንግግሩን ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ጀምሩት። ከ70 በኋላ ምልክት ለሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም። ሽንት ላይ ደም ካያችሁ ግን ዕድሜ ሳትቆጥሩ ሂዱ።

ናሙናው ካንሰር አሳየ ከተባላችሁም «የግሊሰን ነጥቡ ስንት ነው?» በሉ፤ ይህ ካንሰሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ያህል አደገኛ እንደሚመስል የሚለካ ነጥብ ነው። 6 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ሳይቸኩሉ በየጊዜው እየተመረመሩ መከታተል ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው ሽንት አለመቆጣጠርና የብልት አለመቆም ሊያስከትል ስለሚችል፣ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ ፊርማችሁን አታስቀምጡ።