በ10 ሰዓት ተኩል ልጆቹን ወደ ታች አውርዱ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ልጆች እያሳደግሁ ነው። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አምስት። "ልጆቼ ከስልክ አልላቀቅ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?" የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት የጎረቤት በር አንኳኩ። ልጅ ውጭ የሚቆየው ውጭ ልጅ ካለ ነው። ብቻውን ግቢ ውስጥ የቆመ ልጅ ወዲያው ደረጃውን ተመልሶ ይወጣል። አራት አምስት ሆነው ከተሰባሰቡ ግን ለእራት ጠርታችሁም አይመጡም።

መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። በየሳምንቱ ክፍያ ያለበት ቦታ መሄድም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰዓት፣ ጎረቤትና አብሯቸው የሚወርድ ትልቅ ሰው ነው።

ሰዓቱን ቁረጡ

እኛ አገር ክረምትም ሆነ በጋ የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለያይም። ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመሻል። ሰርቪሱ ልጆቹን የሚያደርሳቸው 10 ሰዓት አካባቢ ከሆነ፣ ያለችን ጊዜ ከ10 ተኩል እስከ 12 ናት። ይቺን ጊዜ ለቤት ሥራ አትስጧት። የቤት ሥራ ከመሸም ይሠራል፤ ፀሐይ ግን ከመሸ የለችም።

እኛ ቤት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቦርሳ ይቀመጣል። ዩኒፎርም ይወልቃል። መክሰስ ይበላል፤ ዳቦ በሻይ ወይም ቆሎ። ከዚያ ታች። ዩኒፎርሙን ማውለቁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ "እንዳታቆሽሽ!" እየተባለ ነው የሚጫወተው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቢቀደድም ቢጨቀይም ማንም የማይናገርበት አንድ የጨዋታ ልብስ ይኑረው።

ጎረቤቶቻችሁን ስታስተባብሩ በቴሌግራም ግሩፕ አትጀምሩ። ግሩፕ ላይ ሁሉም "ጥሩ ሐሳብ ነው" ይላል፣ ማንም ግን አይወርድም። ቡና አፍሉና ሁለት ሦስት እናቶች ጥሩ። ሦስት ቤት ለመጀመር ይበቃል። "ልጆቻችን ቢጫወቱ ጥሩ ነበር" ማለት ብቻ አይሠራም። እንዲህ በሉ፦ "ከሰኞ ጀምሮ የእኔዎቹ 10 ተኩል ላይ ይወርዳሉ። ሰኞና ረቡዕ እኔ ቤት ያለ ሰው ይጠብቃቸዋል። ያንቺን ላኪያቸው፣ አንቺ ደግሞ ማክሰኞን ያዢ።" ቀኑ ከተቆረጠ እምቢ የሚል የለም።

በብሎኩ ውስጥ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች ካሉ እንዳትረሷቸው። የከሰዓት ፀሐይ መሞቅ ይወዳሉ፤ የሚያጫውታቸውም ይፈልጋሉ። ወንበር አውጡላቸው። የእኛ ብሎክ ምድር ቤት ያሉት እማማ በሩ አጠገብ ከተቀመጡ አንድም ልጅ ሳያዩት አያልፍም።

ስለ ሠራተኛዋ

ይሄን ጉዳይ ብዙ ሰው አያነሳውም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው እላለሁ። ከሰዓት ልጆቹን የምትይዘው ሠራተኛዋ ከሆነች፣ የልጁ ጉልበት ቢላጥ የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ ቴሌቪዥን ከፍታ ሶፋ ላይ ብታስቀምጣቸው አይፈረድባትም። ልጆቹ ባሉበት በግልጽ ንገሯት፦ "ሲሯሯጡ ቢወድቁ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከግቢው በር እንዳይወጡ ብቻ እዪልኝ። እራቱ ቢዘገይም ችግር የለውም።" ይሄን ካላችሁ በኋላ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ልጁ ተቧጭሮ ሲመጣ ፊታችሁ እንዳይለወጥ። የእኛዋ ያደገችው ገጠር ነው። ዛሬ የግቢው ልጆች ጨዋታ ሲጠፋባቸው የሚጠሩት እሷን ነው።

ኳስና መኪና

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ክፍት ቦታው በመኪና ተሞልቷል፤ አንዱ ስፖኪዮ ከተሰበረ "ልጅ የሚባል ግቢ ውስጥ እንዳይጫወት" ይባላል። ኮሚቴው ጋ ከመድረሱ በፊት ባለመኪናዎቹን ራሳችሁ አናግሩ። አንዱን ጥግ እስከ 12 ሰዓት ብቻ ባዶ እንዲተዉላችሁ ለምኑ። በምላሹ በግቢው ውስጥ የሚጫወቱት በጨርቅ ኳስ ብቻ እንደሆነ ቃል ግቡ። የጨርቅ ኳስ መስታወት አይሰብርም፣ ሩቅም አይነጥርም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ ሥሩት። ሁለት ፌስታል ጭምቅ አድርጋችሁ እምብርት አድርጉ። ያረጀ ቲሸርት በቀጭኑ ቀዳችሁ እያጠበቃችሁ በላዩ ጠምጥሙ። ከብርቱካን ተለቅ ሲል ወፍራም ካልሲ ውስጥ ክተቱት። የካልሲውን አፍ ጠምዝዙና ቀሪውን ገልብጣችሁ ኳሱን መልሳችሁ አልብሱት። ካልሲው እስኪያልቅ እንዲሁ ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ በወፍራም ክር ስፉት። ትልቁ ልጄ መስፋቱን ለማንም አይሰጥም። መርፌው በጨርቁ አልገባ ሲለው ምላሱን ጥርሱ መሐል ነክሶ፣ አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ኳሱን ይይዝለታል። ከኳሱ ይልቅ ያንን ሰዓት ነው የምወደው።

ጨዋታውን ከእናንተ ይማሩ

ልጆቻችን ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ብይ፣ ኩኩሉ፣ ቅልብልቦሽ ካላወቁ የሚያስተምራቸው ሌላ ማን አለ? ከቤተሰብ ጋር መቀራረብ የምንለው ነገር የሚጀምረውም እዚህ ይመስለኛል። ልጅ እናቱን ስታዝ እንጂ ስትዘል አይቷት አያውቅም። አንዴ ካያት በኋላ በሌላ ዓይን ያያታል።

ለሱዚ ከልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫ አራት አምስት ሜትር ላስቲክ ግዙና ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ። ሁለት ልጅ በእግሩ ወጥሮ ይይዛል፣ ሦስተኛው ይዘላል፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። ለሰኞ ማክሰኞ አንድ ቁራጭ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። ኩኩሉ ደግሞ ምንም አይፈልግም፤ ዓይኑን የጨፈነው "ኩኩሉ!" ሲል የተደበቁት "አልነጋም!" እያሉ ይመልሱለታል።

ቅልብልቦሽን ያስተማረቻቸው አያታቸው ናት። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ከግቢው የለቀመቻቸውን አምስት ጠጠሮች ዘረገፈች። አንዱን ወደ ላይ ወርወር፤ እሱ ሳይወርድ አንድ ከመሬት አንሥታ፣ የወረወረችውን በዚያው እጅ ቀለብ። ቀጥላ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራቱን በአንዴ። ትንሿ ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። "እማዬ ማን አስተማረሽ?" አለቻት። እናቴ ስለ ታላቅ እህቷ፣ ስላደገችበት ሰፈር፣ ጠጠር ይለቀም ስለነበረበት ወንዝ ማውራት ጀመረች። እኔ ራሴ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነበር። አያት ያላችሁ ሰዎች፣ አያትን ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ ቴሌቪዥን አትክፈቱላት። ጠጠር ስጧት።

"ይታመማሉ" ለሚሉ

ዘመድ ሁሉ ይናገራል። "ፀሐይ ይመታዋል፣ ብርድ ይመታዋል።" ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ይበልጥ የሚዛመተውም መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ስንቀመጥ ነው። ፀሐይን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰውነታችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ከመስታወት ጀርባ መሞቅ ለዚህ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጨቅላ ያላችሁ የጠዋት ፀሐይ ለማሞቅ ወደ በረንዳ አውጡት እንጂ መስኮት ሥር አታስተኙት። ብዙ ፀሐይ ባለበት አገር ልጆች በሪኬትስ አጥንታቸው የሚጣመመው ቤት ውስጥ ተሸፋፍነው ስለሚያድጉም ጭምር ነው። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባርኔጣና ጥላ አይለያቸው።

ዓይንም አለ። በቻይና ጓንግዡ ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጭ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ ማየት የተሳናቸው ልጆች ከነሱ መካከል 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ተጨማሪ ጊዜ ካልተሰጣቸው መካከል ግን 40 በመቶ ገደማ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ከ10 ተኩል እስከ 12 ያለችው ጊዜ ይህንን ትሸፍናለች።

በእውነት መፍራት ያለብን ሌላ ነገር ነው። ልጆቹን ከማውረዳችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች በሙሉ ቦታቸው ላይ ናቸው? የተሰባበረ ጠርሙስ አለ? ጥበቃው ልጅ ብቻውን እንዳያስወጣ ተነግሮታል? ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ነገ ይታያል አይባልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ልጆቻችሁ "ቢነክስህም አልቆጣህም፣ ብቻ ንገረኝ" መባል አለባቸው። ቁጣ የሚፈራ ልጅ ቁስሉን ይደብቃል።

ሱቅ መላክ

ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ልጅ ከጨዋታ ባልተናነሰ የሚጠቅመው መላክ ነው። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወዳለው ሱቅ፣ እናንተ ከኮሪደሩ እያያችሁት። አንድ ነገር ብቻ እዘዙት። መልሱን ቆጥሮ ያምጣ። ሲለምደው ሁለት ሦስት ዕቃ፣ ከዚያ እህቱን ይዞ። ባለሱቁን ቀድማችሁ አስተዋውቁት። ዕቃ ተሳስቶ ቢያመጣ ራሱ ይመልስ፤ እናንተ አትውረዱለት።

እሑድና በዓል

እሑድ ከከተማው ግርግር ወጣ በሉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግር መውጣት ለልጅ ትልቅ ጉዞ ነው። ዳቦና ውሃ ያዙ፣ በየመንገዱ አረፍ በሉ። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ደግሞ ጽድ፣ ወይራና ኮሶን እያሳያችሁ ስም ለማስተማር ይመቻል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" ፕሮግራም ሲኖር ልጆቹን አስፋልት ላይ ልቀቋቸው፤ ሳይክል ለመልመድ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። በመንገድ ላይ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና እንቆቅልህ ተባባሉ። "ቀን ከሌት ቢሄድ የማይደክመው" ብላችሁ ጀምሩ፤ "ምን አውቅልህ" ብሎ ያቃተው አገር ይስጥ። መብራት በጠፋ ምሽትም ይኸው ጨዋታ ይሠራል።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ቤት ይዘጋል። ኧረ አትዝጉ። ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ካለ፣ መብረቅ እስከሌለ ድረስ፣ በካፊያ መጫወት ይቻላል። ከነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ የቡሄ ዝግጅት ይጀመር። ወንዶቹ ዱላ ይፈልጉ፣ ሆያ ሆዬን አባትና አጎት ያለማምዷቸው፤ ግጥሙን አውጪው ማን ተቀባዩ ማን እንደሆነ ይለዩ። ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽን ይለማመዱ። ለብሎኩ ነዋሪዎች ልጆቹ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሙልሙል የሚጋግረው እንዲጋግር፣ ሌላውም ዝርዝር ብር እንዲይዝ። የተሰበሰበውን ገንዘብ ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ይካፈሉ፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ አጠገባቸው ይቀመጥ።