የዲፈረንሻል ጥርስ ቀይራችሁ ኮምፒዩተሩን ስትነኩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙስታንግ የገዛ ልጅ ውሎ አድሮ የዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር ያምረዋል። አልፈርድበትም። 3.31 ይዞ የወጣ ጂቲ 4.10 ሲገባለት (ቁጥሩ ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው) ከመብራት አነሳሱ ሌላ መኪና ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ይህን ሥራ አብዝቼ አያለሁ። ብረቱን በደንብ አስቀይረው ኮምፒዩተሩ ላይ ሲደርሱ የሚሳሳቱት ግን ሁሌም ያንኑ ነው።

የማወራው በዋናነት ከ2005 እስከ 2010 ስለወጣው ሙስታንግ ጂቲ ነው። በዚህ መኪና ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ያለው ካምቢዮው መውጫ ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ከሱ ኋላ ስለሆነ ሴንሰሩ ጥርስ መቀየሩን አያውቅም። የዘንጉን ዙር ብቻ ይቆጥራል። ኮምፒዩተሩ ያንን በተጻፈለት የጥርስ ቁጥር ያካፍላል፣ ጎማው በአንድ ማይል ስንት ጊዜ እንደሚዞርም ሂሳቡ ውስጥ ያስገባና ፍጥነቱን ያሰላል። 3.31 ተጽፎለት ውስጡ 4.10 ካለ፣ በእውነት 60 ማይል ስትሄዱ 74 ያሳያችኋል።

«በጭንቅላቴ እቀንሳለሁ» ማለት

አትቀንሱም። ክሩዙን (ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን) 70 ላይ አድርጎ ቤልትዌይ፣ የዋሽንግተን ዙሪያ ሀይዌይ፣ የወጣ ሰው በእውነት የሚሄደው 56 ገደማ ነው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋበታል። ደግሞ ስህተቱ መርፌው ላይ ብቻ አይቀርም። ማይል ቆጣሪውም አብሮ ይሳሳታል። 10,000 ማይል ነድታችሁ 12,400 ገደማ ይጻፍባችኋል፤ ስትሸጡት ያላሽከረከራችሁትን ማይል ገዢው ከዋጋው ይቀንስባችኋል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ የሚቀይርበት ጊዜ ከእውነተኛው ፍጥነት ጋር አይገጥምም፤ የቀየራችሁትን ጥርስ ጥቅም ግማሹን ይበላባችኋል።

በተቃራኒው ከ4.10 ወደ 3.55 የተመለሰ ሰው ደግሞ 60 እየሄደ 52 ያያል። እሱን ፖሊስ ያስታውሰዋል።

የበሩን ወረቀት ወይም የሰውን ወሬ ማመን

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «ጥርስህ ስንት ነው?» ስል «በሩ ላይ ተጽፏል» ይሉኛል። ወንድሜ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚነግርህ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ስንት እጅ ተቀያይሯል? ስፖርት መኪና ነው እኮ፣ የአያትህ ካምሪ አይደለም! ከአንተ በፊት የያዘው ልጅም እንዳንተው አምሮት ይሆናል።

የባሰው ደግሞ «ያስገባልኝ ሰው 3.73 ነው ብሎኛል» የሚለው ነው። አንድ ልጅ በዚህ ነገር ወራት ተንገላቷል። 3.73 አስገባሁ ብሎ 3.73 ጻፈ። ስልኩ ላይ ያለው ጂፒኤስ 60 ሲል መኪናው 66 ይላል። ሴንሰር ቀየረ። ቆየት ብሎ ሌላ ሴንሰር ቀየረ። ከዚያ አንድ ጓደኛው «የጎማውን ቁጥር አጭበርብረው» አለውና መርፌው ልክ መጣ፣ ሁሉም ተደሰተ። በዓመቱ አዲስ ጎማ ሲገዛ አንድ ጠንቃቃ ሰው ትክክለኛውን የጎማ ቁጥር ጻፈለት። ስህተቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ የዲፈረንሻሉን ሽፋን ከፈትነው፦ 4.10 ነበር።

እንዴት ይሳሳታሉ አትበሉ። በዚህ መኪና ያለው የ8.8 ኢንች ዲፈረንሻል 3.73 ማለት ትልቁ ክብ ጥርስ ላይ 41፣ ትንሹ ፒኞን ላይ 11 ጥርሶች አሉ ማለት ነው። 4.10 ደግሞ 41 እና 10። ትልቁ በሁለቱም 41 ነው፤ ልዩነቱ ፒኞኑ ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ናት። ካርቶኑን የተሳሳተ ሰው አይቶ አይለየውም። ሽፋኑ ከተከፈተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ትልቁ ጥርስ ጠርዝ ላይ ተመቶበታል። ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ጥርሱን ለሚያስገባው ሰውም «ሽፋኑን ሳትዘጋ ፎቶ ላክልኝ» በሉት። የሚያኮርፍ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሽፋን መክፈት ካልፈለጋችሁ ቁጠሩ። የኋላ ሁለቱንም ጎማ በክሪክ አንሡና ማቆሚያ ላይ አሳርፉት፣ የፊቱን ጎማ ደግፉ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ። ጎማውም ዘንጉም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ ጎማዎች ወደ አንድ ወገን አብረው የሚዞሩ ከሆነ፣ ጎማውን 10 ጊዜ አዙሩና የዘንጉን ዙር ቁጠሩ። 35 ተኩል ከሆነ 3.55፣ 37 ከሩብ ከሆነ 3.73፣ 41 ከሆነ 4.10 ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አዙራችሁ 3.55ን ከ3.73 ለመለየት አትሞክሩ፤ ዓይን አይበቃም። አንዱ ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ የሚዞር ዲፈረንሻል ከሆነ ደግሞ አንዱን ጎማ ያዙና ሌላውን 20 ጊዜ አዙሩ። ይህን የማያውቅ ሰው ግማሹን ቆጥሮ «የኔ 1.8 ነው» ብሎ ይመጣል። እሱን እንኳ እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ቆጥሯል።

ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ጥርሱን በጥርስ ቦታ፣ ጎማውን በጎማ ቦታ ጻፉ። የአንዱን ስህተት በሌላው አትሸፍኑ። የጎማውን ዙር ከአምራቹ ሰንጠረዥ ውሰዱ፤ በሜትር ለክታችሁ ያሰላችሁት ቁጥር የመኪናው ክብደት ጎማውን ስለሚጫነው ትንሽ ያንሳል። ከዚያ ቀጥ ባለ መንገድ፣ ፍጥነታችሁን ሳትቀያይሩ፣ በጂፒኤስ አረጋግጡ። ስልኩን የሚያየው አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ይሁን።

በደከመ ባትሪ መጻፍ

ቁጥሩን የምትጽፉት በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ወይም በላፕቶፕ ነው። ኮምፒዩተሩ እየተጻፈበት ሳለ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግማሽ የተጻፈ ኮምፒዩተር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። መኪናው አይነሳም። አንድ ደንበኛችን ማታ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ፣ የፊት መብራት አብርቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ሲጽፍ ባትሪው መሀል ላይ ሞተበት። መጨረሻው የጎታች መኪና፣ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ቁልፉን ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋር እንደገና ማስተዋወቅ ሆነ። ያወጣው ገንዘብ ጥርሱን ካስቀየረበት በለጠ።

ቮልቴጁን ሳያዋዥቅ የሚይዝ ቻርጀር ባትሪው ላይ አድርጉ። ቁልፉ የበራ፣ ሞተሩ የጠፋ ይሁን። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ኤሲ አጥፉ። ትልቅ አምፕሊፋየር ካላችሁ ፊውዙን ንቀሉ። በላፕቶፕ ከሆነ እንቅልፍ እንዳይወስደው አስተካክሉት። ላፕቶፑን ከመኪናው የሚያገናኝ ርካሽ ቅጂ አስማሚ የስህተት ኮድ ለማንበብ ይበቃል፤ ለመጻፍ ግን አትመኑት።

የጥርስ ቁጥር ለማስተካከል ብላችሁ የፈረስ ጉልበት ፋይል መጫን

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። መሣሪያው ግን «93 ኦክቴን» (የውድ ቤንዚን ደረጃ) የሚል ፋይል ያሳያችኋል፣ እጃችሁ ይበላችኋል። ያንን ጭናችሁ 87 ቤንዚን ብትቀዱ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። ውድ ቤንዚን ሁልጊዜ የማትቀዱ ከሆነ የፋብሪካውን ፋይል እንዳለ ትታችሁ የጥርሱን ቁጥር ብቻ ቀይሩ።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የፍጥነት ገደብ ማንሳት

ይህ የሚያስፈራኝ ነው። 4.10 ስታስገቡ ዘንጉ በዚያው ፍጥነት በብዙ ይበልጥ ይሽከረከራል። ፋብሪካው በሚሰጠው የጎማ መጠን በ120 ማይል 3.31 ላይ በደቂቃ ወደ 4,900 ዙር የነበረው፣ በ4.10 ወደ 6,100 ይጠጋል። ዘንግ ከሚችለው በላይ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይበጠሳል። የሚበጠሰው ከተቀመጣችሁበት ወለል ሥር ነው። ዘንጉን ሳትቀይሩ ገደቡን አትንኩ። ደግሞ 120 የት ልትነዱት ነው?

መሣሪያውን ሳይፈቱ መሸጥ

እንደ ኤስሲቲ ያሉት በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ፋይል ውስጣቸው አስቀምጠው ከዚያች አንድ መኪና ጋር ይታሰራሉ። መኪናውን ወደ ፋብሪካው ፋይል ሳትመልሱ መሣሪያውን ብትሸጡ ገዢው ሌላ መኪና ላይ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የእናንተም ዋና ፋይል አብሮት ይሄዳል። መኪናውን ለሰርቪስ ወደ ዲለር ስትወስዱም አስቀድማችሁ መልሱት፣ ወይም ኮምፒዩተሩን እንዳያድሱት ንገሯቸው። ካደሱት የጻፋችሁት ይጠፋል።

ጽፎ በማግስቱ ለኢሚሽን (ለጭስ ምርመራ) መሄድ

መጻፍ መኪናው ራሱን የፈተሸበትን ውጤት ያጠፋዋል። ከ2001 ወዲህ ለወጣ የቤንዚን መኪና በተለመደው ደንብ ካልተጠናቀቀ አንድ ፈተና በላይ ካለ አይቀበሉትም። ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ንዱት፣ ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሱት፣ በኮድ ማንበቢያ መጠናቀቁን እዩ፣ ከዚያ ሂዱ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በስሞግ ምርመራ የተቀየረ ሶፍትዌርም ይታያል። የተፈቀደ ቁጥር የሌለው ፋይል ይጥላችኋል።

አሮጌ ሙስታንግ፣ የ1980ዎቹን ማለቴ ነው፣ የያዛችሁ ይህን ሁሉ ዝለሉት። የእናንተ ካምቢዮው ጎን ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ናት፤ ቀለሟ እንደ ጥርሷ ብዛት ይለያያል፣ ትክክለኛዋን መግዛት ብቻ ነው።

አዲሱ ጥርስ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ኮምፒዩተር ይዛችሁ አትምጡ። እሱ የአገጣጠም ጉዳይ ነው፤ ወዳስገባላችሁ ሰው መልሱት።