ቡገንቪሊያ ልትተክሉ ላሰባችሁ
ችግኝ ስትገዙ ቁመቱ አያጓጓችሁ። ፕላስቲኩን አንስታችሁ ከሥር እዩት፤ ሥሩ በስቶ ወጥቶ ከተጠቀለለ ተዉት። አጠር ብሎ ቅርንጫፍ ያበዛው ይሻላል። ቀለሙን እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ አብቦ ሳለ ግዙ።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ጥላ ውስጥ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ጥቁር ዋልካ አፈር ካለባችሁ ግን ይህችን አደራ! ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውኃ ያቁርና ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩን በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ከምሩ፣ እሱ ላይ ትከሉት። ሥሩ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱ እንጂ ችግኙን አትጎትቱ። እሾሃም ስለሆነ ልጆች ከሚሮጡበት ይራቅ። ከጸደቀ በኋላ ውኃ አታብዙበት። ትንሽ ሲጠማው ነው አበባው የሚፈነዳው።