የድሮ ዚል ላይ ካሶኒ ሲገጠም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን) ከሻንሲው (ሁሉን ከሚሸከመው የመኪናው የብረት አጽም) ጋር አትበይዱት። ሌላው ስህተት በገንዘብም በጊዜም ይታረማል፤ ይሄኛው ግን መኪናውን ይገድለዋል። ዚል 131ም ሆነ ኡራል፣ ሁለቱም የሶቪየት የጭነት መኪናዎች፣ ሻንሲያቸው እንዲጠማዘዝ ታስቦ የተሠሩ ናቸው። በጅማ ዙሪያ፣ በሊሙ ወይም በዴዶ ጭቃ መንገድ የፊት ቀኝ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋላው ግራ ቦይ ውስጥ ይገባል። ባሌስትራው (የጎማው ተደራራቢ ሞላ) የቻለውን ይሸከማል፣ የተረፈውን ሻንሲው ራሱ ተጣሞ ይቀበለዋል፣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ወደ ቦታው ይመለሳል። በላዩ ስምንት ቦታ ላይ የተበየደ የብረት ሳጥን ከተጫነበት መጠማዘዣ ያጣል፤ ጉልበቱም ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል።

ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጋቢናው ኋላ፣ የመጀመሪያው ብየዳ ያለቀበት ጥግ ነው። ስንጥቁ ሲጀምር በጣም ቀጭን ስለሆነ ጭቃና ቀለም ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ሪቬቶቹ ይላላሉ፤ ዙሪያቸውን ቀይ የዝገት ዱቄት ሲወጣ ካያችሁ ሪቬቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ደግሞ የባሰ ነው፦ ስንጥቁ ላይ ላሜራ ይለበጥበታል፣ በወራት ውስጥ ብረቱ ከልባጩ ጫፍ ጀምሮ እንደገና ይሰነጠቃል። ልባጭ ላይ ልባጭ የተደረበበት ሻንሲ ብዙ ነው፤ መነሻው ግን ያች የመጀመሪያዋ ብየዳ ናት።

ትክክለኛው አገጣጠም ይህ ነው። በሻንሲውና በካሶኒው መሃል፣ በሁለቱም ጎን፣ በሙሉ ርዝመቱ ደረቅና ጠንካራ ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ይግባ። የሞራሌው የፊት ጫፍ ከታች በኩል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሳሳ ይጠረብ፤ ካልተጠረበ ጫፉ ሻንሲውን እንደ ቢላ ይጫነዋል። ከኋላ፣ በኋላ ጎማዎቹ አካባቢ፣ ካሶኒው በማያላላ ቡሎን ይታሰር። ከፊት ያሉት ማሰሪያዎች ግን ሞላ ያላቸው ይሁኑ፤ ረጅም ቡሎን ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ ሞላ ይገባበታል፣ ዳዶው ሲጠብቅ ሞላው እስከ መጨረሻው እንዳይጨመቅ። ተሠርቶ ሲያልቅ አንዱን የፊት ጎማ ጠንካራ ግንድ ላይ አውጡና ፊተኛውን ማሰሪያ ተመልከቱ። ትንሽ ከፈት ብሎ፣ ጎማው ሲወርድ መልሶ ከገጠመ ሥራው ልክ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ታንቋል፤ ፈልጉት።

መሃል ላይ ስታፋ (የU ቅርጽ ማሰሪያ ቡሎን) ስታስሩ የሻንሲው ከንፈር (የላይና የታች አግድም ጠርዙ) እንዳይታጠፍ ከውስጥ ድጋፍ አስገቡ። ከማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ራቅ ባለው በኩል እንጨት ይበቃል፤ ማርሚታው አጠገብ ግን ብረት ብቻ። ዚል 131 ላይ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የአየር ቱቦዎች በሻንሲው ጎን ስለሚያልፉ፣ ስታፋው ከመጥበቁ በፊት ጣታችሁን ከኋላው አስገብታችሁ ቱቦ አለመታነቁን ዳስሱ።

የሻንሲውን ላይኛና ታችኛ ከንፈር መብሳት ክልክል ነው። ጭነቱን ተሸክሞ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው እሱ ነው፤ ቀዳዳ ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ፋብሪካው የበሳቸውን ቀዳዳዎች አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ከዝገትና ከጭቃ ሥር አሉ። ካልበቁ ቋሚውን ጎን፣ ከከንፈሮቹ ርቃችሁ፣ በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) ብሱ። በኦክስጅን የተበሳ ቀዳዳ ዙሪያው ተቃጥሎ ይደርቃል፣ ስንጥቁም ከዚያው ይነሳል።

አሁን ወደ ወለሉ። ጅማ ላይ ቡና ለሚጭን መኪና ጣውላውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ለምን እንዳልቀረ አይገባንም። ምስጥን ያርቃል፣ ዋጋውም ምንም ማለት ነው፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ደረቅ ቡና በአካባቢው ያለውን እርጥበትና ሽታ ሁሉ ይስባል፣ ጆንያም አያግደውም። ጣውላው የጠጣው ዘይት ፀሐይ በመታው ቁጥር ይሸታል። ገበሬው በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ያደረቀው ቡና ቅምሻ ላይ የዘይት ሽታ ከተገኘበት ደረጃው ይወድቃል፣ የዓመት ልፋቱም በአንድ ወለል ይበላሻል። ዘይት የጠጣ ጣውላ በሳሙና ቢታጠብ አይጸዳም፤ ያለው መፍትሔ መቀየር ነው። በምትኩ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ፤ ሳይደርቅና ሽታው ሳይጠፋ ግን አትጫኑበት። የተቀባበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትተዉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ይይዛል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

እርጥብ ባሕር ዛፍም አትግዙ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ቡሎኑን ይዞ ይነሳል፣ በጣውላዎቹ መሃልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ዝግባ ቀላልና ለሥራ ምቹ ቢሆንም እርጥበትና ምስጥ ቶሎ ይጥሉታል። ከተማው በርጩማና ወንበር ሠሪ የሞላበት ነውና ጣውላውን ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ ሽማግሌ አናጢ አሳዩ፤ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ መድረቁን ይነግራችኋል። ደረቅ ጣውላ ሲነጠፍ ክረምት ላይ ስለሚያብጥ በመሃሉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት።

ከእንጨት ይልቅ ላሜራ የሚመርጥ አለ፤ ችግር የለውም፣ ውፍረቱን ግን አስሉ። የዚል 131 ካሶኒ ወለል ወደ 3.6 ሜትር በ2.3 ሜትር ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብቻውን 260 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ ባለ 6 ደግሞ 390 ይደርሳል። ልዩነቱ ከባለ 60 ኪሎ ሁለት ጆንያ ይበልጣል፣ ያውም በየጉዞው። መኪናው የተሠራው ከመንገድ ውጭ ለ3.5 ቶን፣ በጥሩ መንገድ ለ5 ቶን ነው፤ ከባድ ካሶኒ የሚቀንሰው ከዚሁ ላይ ነው።

ካሶኒውን ወደ ኋላ ማስረዘም ደግሞ የነጋዴ ፈተና ነው። ጭነቱ ከኋላ ጎማዎች ወዲያ ሲወጣ የፊቱ ይቀላል፣ ዳገት ላይ መሪው አይታዘዝም። ወደ ፊት እንዳይገፋ ደግሞ ዚሉ ትርፍ ጎማውን የሚሸከመው በጋቢናውና በካሶኒው መሃል ነው። ጋቢናውም በራሱ ማረፊያ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ጎማው ቢነሳ እንኳ ካሶኒውን አታስጠጉት።

በአራት ማዕዘን ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) አግዳሚ የምትሠሩ ከሆነ ጫፉን ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ካሶኒው ከመገጠሙ በፊት፣ በተለይ ሞራሌው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይቀባ፤ ከተገጠመ በኋላ እዚያ የሚደርስ ብሩሽ የለም።

ማንኛውም ብየዳ መኪናው ላይ ከሆነ የባትሪውን ገመድ ፍቱ፣ የብየዳ ማሽኑን የመሬት ገመድ ከሚበየደው ብረት ራሱ ላይ እሰሩ። መሬቱ ሩቅ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታና በክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) በኩል አልፎ ይበላቸዋል። ዚል 131 በካሶኒው ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው 170 ሊትር የሚይዙ ሁለት የቤንዚን ሰልባትዮዎች (ታንከሮች) አሉት። ባዶ ነው ብሎ መበየድ ሞትን መጥራት ነው፤ ከሙሉው ይልቅ በትነት የተሞላው ባዶው ይፈነዳል። አውርዳችሁ ራቅ አድርጉት።

የጎማ ክፍተት ባዶ መኪና ላይ አይለካም። ጭናችሁ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ግንድ ላይ አውጥታችሁ ለኩ፤ የ12.00-20 ጎማ ወደ ላይ ሲነሳ የሚሄድበትን ርቀት ላላየው ሰው ማመን ይከብዳል።

መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ሁሉም ስታፋና ቡሎን ይጠበቅ፣ ሞራሌው ተጨምቆ ስለሚላላ። ክረምት ሲገባ አንዴ፣ በጋ ሲጀምር አንዴ ድገሙት፣ ዳዶውንም በሁለተኛ ዳዶ ቆልፉት።