ያረጀች ናፍጣ መኪናዬን ላሠራት ወይስ ልሸኛት?

አዲስ አገር በገባን በመጀመሪያው ዓመት አብዛኞቻችን የምንገዛት መኪና ትመሳሰላለች። የተሻለ ያገኘ ሰው የለቀቃት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ዋጋዋ የማያስደነግጥ፣ ናፍጣ። የእኔም እንዲያው ነበረች። «ናፍጣ ስለሆነች አትሞትም» ተብዬ ነው የገዛኋት። እውነት ነው፣ ሞተሩ አልሞተም። የሞተው በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። ብዙ ሰው መልሱን ከመኪናዋ ዕድሜ ወይም ከኪሎሜትሩ ይፈልገዋል። እኔ አሁን ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። በየቀኑ የት ነው የምትነዷት?

ምክንያት አለኝ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየሩን በኃይል ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው የጋለው አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ነዳጅ ቆጣቢነቱም ጉልበቱም ከዚህ ይመጣል። ጥላሸቱም እንደዚሁ። ጥላሸቱ ወጥቶ ሰው ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ማጣሪያ ይገጠማል። ዲፒኤፍ ይሉታል። አውሮፓ ውስጥ ዩሮ 5 የሚባለው የጭስ ልቀት ደረጃ በፈረንጆች 2011 ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ያለዚህ ማጣሪያ የተሸጠ አዲስ የናፍጣ የቤት መኪና የለም ማለት ይቻላል።

ማጣሪያው ጥላሸቱን ዝም ብሎ አያጠራቅምም፤ እያቃጠለ ራሱን ያጸዳል። ለዚህ ግን ውስጡ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ መጋል አለበት። አውራ ጎዳና ላይ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሳትቆራርጡ ከነዳችሁ ሥራው ያለ እናንተ ዕውቀት ያልቃል። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት ከሆነ ግን ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይጠፋል። ጥላሸቱ ይከማቻል። ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ ሊያቃጥለው ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ መሃል ላይ ቁልፉን ታጠፋላችሁ። ያልነደደው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ተንጠባጥቦ ዘይት ውስጥ ይገባል።

ይሄንን በገዛ ጣቴ ነው ያረጋገጥኩት። ሥራዬ ከቤቴ አራት ኪሎሜትር ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ የማጣሪያ መብራት በራ ጠፋ ማለት ጀመረች። እኔም ለመድኳት። አንድ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ከወር በፊት መሃል ላይ የነበረው ዘይት ከላይኛው ምልክት አልፏል። ዘይት ሲጎድል እንጂ ሲጨምር አይቼ ስለማላውቅ «ተባረከልኝ» ብዬ ሳቅሁ። ዝቅ ብዬ ሳሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ሳሸው ቀጥኗል፣ ወፈር ያለው የዘይት ልስላሴ የለም። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ነው ቀድሞ የሚበላው።

ጋራዥ ወሰድኳት፣ ማጣሪያው ተጸዳ፣ ዘይት ተቀየረ። ከአምስት ወር በኋላ ያችው መብራት። እንደገና ከፈልኩ። ማንም «አነዳድህ ነው ችግሩ» አላለኝም፤ ደንበኛ ሆኜላቸዋለሁ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ የእኔዋን መንታ ይነዳ ነበር። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት። እሱ ከከተማ ከተማ ዕቃ ያደርሳል። የእሷ ኪሎሜትር የእኔዋን እጥፍ ሆኖ ያቺ ቢጫ መብራት በርታበት አታውቅም። ለእሱ መኪናዋን መሸጥ ሞኝነት ነበር። ለእኔ መያዟ።

ሁለተኛው ጥያቄ መንገዱ ያስገባችኋል ወይ ነው። የመኪናችሁን የዩሮ ደረጃ ዛሬውኑ እወቁ፤ ብዙ ጊዜ ሊብሬው ላይ አለ። ለንደን ውስጥ ከ2023 ኦገስት ጀምሮ ከተማው በሙሉ ማለት ይቻላል የዝቅተኛ ልቀት ክልል ነው። ናፍጣ መኪና ዩሮ 6 ካልሆነ፣ ከፈረንጆች ገና ዕለት በቀር በነዳችሁበት ቀን ሁሉ ትከፍላላችሁ፤ ቅዳሜና እሑድም፣ ሌሊትም። ቤንዚን ከሆነ ዩሮ 4 ይበቃል። ጀርመን ደግሞ የብዙ ከተሞች መሃል መስታወት ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ይጠይቃል፤ እሱን ዩሮ 4 ናፍጣም ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ምንም ያልተባለች መኪና ሌላ ቦታ በየቀኑ ኪስ ታራቁታለች። ለንደን ለምን ዩሮ 6 አለች ካላችሁ፣ ዩሮ 5 ናፍጣ በኪሎሜትር 180 ሚሊግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ እንዲለቅ ይፈቀድለት ነበር፤ ዩሮ 6 ወደ 80 አወረደው። ይህ ደረጃ ለሚመዘገብ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ግዴታ የሆነው በሴፕቴምበር 2015 ነው። የሚገርመው፣ መኪና አምራቹ ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ የልቀት ምርመራ ላይ ያደረገው ማጭበርበር የፈነዳውም በዚያው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞች ናፍጣን በጥርጣሬ ማየት አላቆሙም።

ከተማ መሃል እየኖራችሁ፣ አጭር መንገድ እየነዳችሁ፣ መኪናችሁም ዩሮ 5 ከሆነች፣ የቀረውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ሽጧት።

ለቀረነው ወደ ሕመሞቹ እንሂድ። ፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የብርድ ጊዜ ማሞቂያዎቹ የማንኛዋም መኪና ወጪ ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት መኪና አይሸጥም። ጭሱን ግን እዩ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ እየነደደ አይደለም፤ አየር አንሶታል ወይ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ደክሟል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ፣ ውኃው ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ረጋ በሉ። ስታጠፏት ከፍሪሲዮን አካባቢ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁም ሒሳቡ ቀላል አይደለም። እኔ ከሁሉ የምፈራው ዝገትን ነው። የተበላሸ ዕቃ ይለወጣል፤ ወለሏ የተበላ መኪና ግን ብየዳ ላይ ብየዳ ነው።

ታይሚንግ ቤልቱ፣ ማለትም የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌላችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። ሻጩ «ባለፈው ዓመት አስቀይሬዋለሁ» ካለ ደረሰኙን ያሳያችሁ።

አንድ የማይጠፋ ምክር አለ። «ማጣሪያውን አስነሣው፣ ትገላገላለህ» ይላችኋል የሆነ ሰው። አትስሙት። አውሮፓ ውስጥ ሕገወጥ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ ከፈረንጆች 2014 ጀምሮ ማጣሪያዋ የተነሣ መኪና ዓመታዊ ምርመራውን አታልፍም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ ብዙዎች «ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ከበለጠ ሽጣት» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዚያው ዋጋ የምትገዙት ሌላ መኪና የሌላ ሰው ራስ ምታት ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ይሠራል። ይልቅ ወረቀት አውጡና የሚመጡትን አሥራ ሁለት ወራት ብቻ አስቡ። ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር፣ ነዳጅ፣ የከተማ መግቢያ ክፍያ ካለም እሱ። በሌላ በኩል ደግሞ ልትገዟት ያሰባችኋትን መኪና እንደዚሁ ከነብድሯ ወለድ አስቡ። አዲስ ገቢ የብድር ታሪክ ስለሌለው ወለዱ ይከብደዋል፤ ይሄን እኔም በኋላ ነው የተረዳሁት። እስካሁን ያፈሰሳችሁትን ገንዘብ ግን ወረቀቱ ላይ አትጻፉት። ሄዷል። እኔ ሁለተኛውን ጽዳት የከፈልኩት «ይሄን ሁሉ አውጥቼባት» እያልኩ ነበር።

መቀየር ከወሰናችሁ ለአጭር መንገድ ትንሽ ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የምታጣምር) በቂ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ቤታችሁ ወይም ሥራ ቦታችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ካለ ብቻ ይመቻል። «አገር ቤት እልካታለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁም፣ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሏን አትርሱ።

ስትሸጧት ያለባትን ተናገሩ። እኔ ቢጫዋን መብራት ራሴ ለገዢው አሳየሁት፤ ሰውየው በየቀኑ ሌላ ከተማ ተመላልሶ የሚሠራ ስለነበር ግድ አልሰጠውም። የተሳሳትኩት ሌላ ላይ ነው። ሊብሬውን ፈርሜ ሰጠሁት እንጂ ባለቤትነቱ መዛወሩን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ራሴ አላሳወቅሁም። ከሁለት ወር በኋላ በስሜ ደብዳቤ መጣ። በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ጎዳና፣ በፍጥነት መንዳት። ፎቶው ላይ ታርጋው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጭስ ግን የለም፣ እንዲያውም ደህና ሆናለች።