የመምህራንን ምዘና ከሙያ ስታንዳርዱ ጋር ሲያጣጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ከደጋው መሐል ሜዳ እስከ ቆላው ሸዋ ሮቢት ባሉ ትምህርት ቤቶች የመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ከብሔራዊው የመምህራን የሙያ ስታንዳርድ ጋር ለማገናኘት የሚደክሙ ርዕሳነ መምህራን ጥቂት አይደሉም። በሱፐርቪዥን ሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ግን ይህን በጎ ድካም ፍሬ ያሳጡታል።

ከሁሉም የከፋው የስታንዳርዱን ስም በአሮጌው ቅጽ ላይ መለጠፍ ነው። ስታንዳርዱ ሙያዊ ዕውቀት፣ ሙያዊ ትግበራና ሙያዊ ተሳትፎ በሚሉ 3 ዘርፎች ሥር የተደለደሉ 7 ስታንዳርዶች አሉት፤ 5ኛው ተማሪዎችን ስለመመዘን፣ ግብረ መልስ ስለመስጠትና ውጤታቸውን ስለማሳወቅ ይናገራል። በዚህ ርዕስ ሥር በብዙ ቅጾች ላይ የማገኘው መስፈርት ግን «ማርክ ሊስት በወቅቱ አስረክቧል» የሚል ነው። ማርክ ሊስት ማስረከብ የአስተዳደር ግዴታ እንጂ ስለ ግብረ መልስ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። በአንድ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሮችን ጎን ለጎን ዘርግቼ አይቻለሁ። ሁለት ልጆች፣ በተለያየ ክፍል፣ 1/2ን ከ1/3 ጋር ሲደምሩ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር ደምረው 2/5 ብለው ጽፈዋል። የአንደኛው እርማት ቀይ የኤክስ ምልክት ብቻ ነው። በሌላኛው ደብተር ላይ ግን መምህርቷ «መልስህ ከ1/2 ያንሳል፤ ጨምረህበት ሳለ እንዴት አነሰ? ሥለህ አሳየኝ» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩ ልጁ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሥሎ፣ ስድስት ቦታ ከፍሎ፣ አምስቱን አጥቁሮ 5/6 ላይ ደርሷል። ሁለቱም መምህራን ማርክ ሊስታቸውን በቀኑ ስላስረከቡ በዚያ መስፈርት እኩል ነጥብ አግኝተዋል! እንዲህ ያለው ምዘና ትጉኋን መምህርት ተስፋ ያስቆርጣል፣ የሌላኛውንም ተማሪዎች ይበድላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስፈርት ከመጽደቁ በፊት «ይህን የት አየዋለሁ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ የተማሪ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ የክፍል ውስጥ ሥራ ወይም ከባልደረቦችና ከወላጆች ጋር የተሠራ ሥራ ካልሆነ መስፈርቱ ከስታንዳርዱ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጀማሪውንና በሙያ እርከኑ ከፍ ያለውን መሪ መምህር በአንድ ልክ መመዘን ነው። ከኮሌጅ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ክፍሉን ሥርዓት አስይዞ ዕቅዱን በአግባቡ መተግበሩ ትልቅ ነገር ሲሆን፣ ከመሪ መምህር ግን ባልደረቦቹን ማብቃት ይጠበቃል።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። አብረን ቡና የምንጠጣ፣ በለቅሶም በሰርግም የምንገናኝ ሰዎች ስለሆንን ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት መድፈር ይመስለናል፤ በዚህም ሁሉም «ከፍተኛ» ይባልና በእርግጥ ከፍተኛ የሆነው መምህር ሳይታይ ይቀራል። መፍትሔው ነጥብ በጽሑፍ ማስረጃ እንዲደገፍ ማድረግ ነው፤ ማስረጃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ውይይቱ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥራው ይሆናል።

የተማሪዎችን የማለፍ ምጣኔ ብቻውን የመምህሩ ውጤት አድርጎ መውሰድም ልክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሁላችንንም ያስደነገጠ ነው፤ ነገር ግን ያ ውጤት የ12 ዓመት ጉዞ ድምር እንጂ የአንድ መምህር የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም። ከዚህም በላይ ነጥቡ በማለፍ ምጣኔ ላይ የተንጠለጠለ መምህር ፈተና ማቅለልን ይማራል።

የክፍል ምልከታን በተመለከተ ባጭሩ፦ አንድ ጊዜ ገብቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ ቼክሊስት ሞልቶ መውጣት ምልከታ አይደለም። ከመግባት በፊት ከመምህሩ ጋር የትኛው ስታንዳርድ እንደሚታይ መነጋገር፣ ከወጡም በኋላ በዚያው ቀን መወያየት ያስፈልጋል።

አካባቢን መዘንጋት ሌላው ነው። የመጀመሪያው ስታንዳርድ ተማሪዎችን ማወቅን፣ 7ኛው ደግሞ ከባልደረቦች፣ ከወላጆችና ከማኅበረሰቡ ጋር መሥራትን ይጠይቃል። በመንዝ ገብስ በሚታጨድበት ወራት ልጆች ማሳ ላይ ይውላሉ፤ በደጋው ውርጭ ማለዳ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚመጣ ልጅም ያረፍዳል። ቅጹ የቀሪ ተማሪዎችን ብዛት በመምህሩ ላይ እንደ ጉድለት ይቆጥራል፤ ወላጆችን በሰንበቴና በዕድር አግኝቶ፣ ልጆቹ በተራ እንዲቀሩ ተስማምቶ፣ ያመለጣቸውን ትምህርት የሚያካክስላቸው መምህር ግን ይህን የሚያስመዘግብበት ቦታ የለውም። ይህ ሥራ የ7ኛው ስታንዳርድ ዋነኛ ማስረጃ ሆኖ ሊያዝ በተገባው ነበር።

በመጨረሻ የማነሣው ምዘናውን ከተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መነጠል ነው። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል፤ ሆኖም የግል ዕቅዱ ብዙ ጊዜ ከባልደረባው የተገለበጠ ነው፣ የሥራ ማስረጃዎቹን የሚያሰባስብበት ማህደረ ተግባሩም እንዲሁ። በጥር ወር በግብረ መልስ አሰጣጥ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ መምህር ከየካቲት ጀምሮ ያለው ዕቅዱ ስለ ግብረ መልስ ካልሆነ ያ ነጥብ የተሰጠው ለምንድን ነው? ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ሲያስፈርም የመምህሩን የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ አብሮ ጠረጴዛው ላይ ያቅርብ፤ የሚሻሻሉትን አንድ ወይም ሁለት ስታንዳርዶች መርጠው፣ የሚረዳውን ነባር መምህር ሰይመው፣ የሚቀጥለውን የክፍል ምልከታ ቀን እዚያው ይቁረጡ።